ሦስት ጥቅምት፣ አንዲት ፍላጻ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

መድረክ መሪያችን «ታላቁ አዳኝ» ብሎ አስተዋውቆኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጎንደር ላይ እንዲህ ሲባሉ ዝም ብሎ መቀበል ያስገምታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቅድመ አያቱ አንበሳ የጣለ ሰው አይጠፋም። እኔ በዕድሜዬ የጣልኩት አንድ እንስሳ ብቻ ነው። እሷም ሴት ናት። ቀንድ እንኳ የላትም። እሷን ለማግኘትም ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፉከራ የጠበቃችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ ስሟን እናስተካክል። ፈረንጆቹ «ዲር» የሚሉትን እኛ አጋዘን እንለዋለን። ነገር ግን የእኛ አጋዘን ሌላ ዘር ነው። እሱ ቀንዱን ይዞት ይኖራል፤ የእነሱ ወንዱ በየዓመቱ ጥሎ እንደ አዲስ ያበቅላል። ያኛው ዓይነት አገራችን ውስጥ በዱር የለም። ዳዊት ስንደግም ውኃ የምትናፍቀውን ዋላ ስሟን እንጂ መልኳን አናውቅም ማለት ነው። እኔ ዛሬ ዋላ ነው የምላት። ቨርጂኒያ ያለችው ደግሞ ነጭ ጭራ ትባላለች። ስትደነግጥ ጭራዋን እንደ ነጠላ ብድግ አድርጋ ነው የምትሮጠው። እኔ ያንን ጭራ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

አያቴ አዳኝ ነበሩ። ደምቢያ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳንርቅ ነው ያደግነው። ማታ እሳት ዳር የአደን ወግ ሲያወሩ እኛ ልጆች ትንፋሽ አይኖረንም። እሳቸው ሲያወሩት ታዲያ ነገሩ አጭር ነው። ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ ምንሽራቸው ይጮኻል፣ አውሬው ይወድቃል፣ ከዚያ ዘራፍ። ይህን ያዙልኝ።

ቨርጂኒያ ስገባ ሥራዬ የሌሊት ነበር፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ። አንድ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባዬ በየመኸሩ ቀስት ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ነው። አንድ ቀን «እናንተ ሥጋ የምትወዱ ሰዎች፣ ለምን አታድኑም?» አለኝ። አያቴ ትዝ አሉኝ። ደሜ ፈላ። በነጋታው ጫካ የምገባ መስሎኝ ነበር።

የላኩኝ ግን ትምህርት ቤት ነው። አዎ፣ ለአደን ትምህርት አለ። ፈተናም አለው። ከዚያ ፈቃድ ትገዛለህ። ከፈቃዱ ጋር ስንት እንስሳ መጣል እንደምትችል የሚገልጽ ወረቀት አለ። ለቀስት አዳኞች ወቅቱ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። የእኛ መስከረም መጨረሻ መሆኑ ነው።

ቀስቱን ሳየው ሳቄ መጣ። ለእኔ ደጋን ማለት እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ነው። ይኼኛው ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር አለው። ሆለስ አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ነው የፈለሰፈው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ስትስበው መጀመሪያ 27 ኪሎ ያህል ይከብዳል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መዘውሩ አብዛኛውን ሸክም ይቀበልህና እጅህ ላይ ይቀላል። ያኔ ይዘህ ማነጣጠር ትችላለህ። ለመናገር ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ትከሻዬ ጉርሻ ማንሳት አቅቶት ነበር።

ማደኛው ቦታ ደግሞ ማማ ነው። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ዛፍ ላይ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚታሰር ወንበር ነው፤ አንተም እንዳትወድቅ በቀበቶ ከግንዱ ጋር ትታሰራለህ። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ማሽላ ጠብቄያለሁ። እዚያ ግን ሥራህ መጮህ ነው። ወፍ ታባርራለህ፣ ዝንጀሮ ትሳደባለህ። እዚህኛው ማማ ላይ ማሳል አይቻልም።

የመጀመሪያው ጥቅምት። አሥራ አንድ ቀን ወጣሁ። በአሥራ አንደኛው አንዲት ዋላ መጣች። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መታ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጉልበቴ ሳይቀር። እነሱ ለዚህ «ባክ ፊቨር» የሚል ስም አላቸው፤ ትኩሳት መሆኑ ነው። ፍላጻዬ ከጀርባዋ በላይ አልፎ ዋርካ የሚያህል ዛፍ ላይ ተሰካ። እስካሁን እዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ጥቅምት የከፋ ነበር። ባለፈው የጎደለኝ ልምምድ ነው ብዬ ክረምቱን ሙሉ ዒላማ ስወጋ ከርሜያለሁ። በሃያ እርምጃ ብርቱካን አልስትም። ግን ነፋስን ረስቼ ነበር። ዋላ በዓይኗ ብታይህ ልትጠራጠር ትችላለች። በአፍንጫዋ ካገኘችህ ግን አለቀ። እኔ ደግሞ ጃኬቴን የሰቀልኩት ሽንኩርት ከሚቁላላበት፣ ቡና ከሚቆላበት ቤት ውስጥ ነው። አንዷ ከበታቼ መጥታ ቆመች። ነፋሱ ከእኔ ወደ እሷ ዞረ። ቀና አለች። የፊት እግሯን መሬት ላይ መታች፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ በአፍንጫዋ «ፍፍፍ!» ብላ ነጩን ጭራ አነሳች። ጫካው በሙሉ ሰማ። ያን ዓመት ዶሮ ወጥ ነው ያስበላኝ እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ልብሴን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቤ፣ በሳጥን ዘግቼ፣ ውጪ ነው የማስቀምጠው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠርጥራ ነበር። እሱን እንለፈው።

ሦስተኛው ጥቅምት፣ የመጨረሻው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት። ሳይነጋ ማማው ላይ ወጣሁ። ብርድ ነው፤ የእኛን የደባርቅ ጧት አስቡት። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። አንድ ሽኮኮ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲሄድ ዝሆን ነው የሚመስለው፤ አሥር ጊዜ አታለለኝ። አሥራ አንደኛውን ጊዜ ሽኮኮ ነው ብዬ ሳልዞር ቀረሁ። ስዞር እሷ ናት። በአሥራ ስድስት ሜትር።

ወደ እኔ ነው የምታየው፤ ደረቷ ፊት ለፊት። እንዲህ ስትቆም አይወረወርም። አጥንት ይመታና ቆስላ ትሄዳለች። ትምህርቱ ላይ ደጋግመው የነገሩን ይኼንን ነው። ጠበቅኩ። አንድ ቅጠል በላች። ጆሮዋ ዞረ። ሌላ ቅጠል። ጭንቅላቷ ከዛፍ ግንድ ኋላ ሲገባ ሳብኩ። ስትወጣ ጎኗን ሰጠችኝ። የፊት እግሯ ወደፊት ተራመደ፤ ከክንዷ ኋላ ያለው ቦታ ተከፈተ። በስመ አብ አልኩ። ለቀቅኩ።

ድምፁ ከበሮ ላይ በጣት እንደ መምታት ነው። ዘለለች፣ ሮጠች፣ ጠፋች። ከዚያ ጸጥታ።

አሁን ነው ከባዱ። ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም። የሚገድለው በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ወዲያው ከተከተልካት ደንግጣ፣ ተነስታ፣ ሩቅ ትሄዳለች። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለብህ። ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ግማሽ ሰዓት አቃተው። ሰዓቴን አሥር ጊዜ አየሁ። መሳቴን እርግጠኛ ሆንኩ። ከዚያ መምታቴን። ከዚያ ማቁሰሌን። ይኼ ሦስተኛው ነው የሚያስጨንቀው።

ስወርድ ፍላጻዋ መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት። አልፋ ወጥታለች። ደሙ ደማቅ ነው፤ ትንንሽ አረፋ አለው። አረፋው ከሳንባ መሆኑን ይነግርሃል። ጠቆር ቢል ኖሮ ጉበት ነው፤ ሰዓታት ልጠብቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ ዱካውን ተከተልኩ። ቅጠል ላይ ጠብታ፣ ድንጋይ ላይ ጠብታ። ሰባ እርምጃ ያህል። የወደቀ ግንድ ጥግ ተኝታለች።

ዘራፍ ልል አፌን ከፈትኩ። ሦስት ዓመት የተለማመድኩት ፉከራ ነበረኝ። አልወጣም። ጓንቴን አውልቄ አንገቷን ነካሁት። ይሞቃል። ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሥራ ነው። በሕጉ መሠረት ወረቀቴ ላይ ምልክት አደረግኩ። በስልክ አሳወቅኩ። የማረጋገጫ ቁጥር ሰጡኝ። ጫካ መሃል ቆሜ ለመንግሥት «አንድ ዋላ» ብዬ ሪፖርት ሳደርግ ሳቄ መጣ። ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. 1900 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የቀረው ነጭ ጭራ ግማሽ ሚሊዮን ቢሆን ነው። ያለ ልክ ታድኖ አልቆ ነበር። አደኑን ገደቡት። በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ላይ የሚሰበሰበው ግብር ለዱር እንስሳት እንዲውል በሕግ ወሰኑ፤ በኋላ ቀስትም ተጨመረበት። ዛሬ ሰላሳ ሚሊዮን ገደማ ነው። ገበሬው ሰብሌን በሉት ብሎ ይጮኻል።

ይህን ስል ዓይናችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደዞረ አውቃለሁ። አንድ ወጣት ቅድም በር ላይ «ዋልያስ?» ብሎኛል። ወንድሜ፣ ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው እዚያ ገደል ላይ ብቻ ነው። ሌላ አገር ሄደህ የምታመጣው ዘር የለም። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። እዚያ ቀስት ይዞ የሚሄድ ካለ አያቴም ቢሆኑ አይፎክሩለትም። ካሜራ ይዘህ ሂድ።

ወደ ዓርቡ ልመለስ። ለቤት ደወልኩ። አባቴ አነሳ።

«ግዳይ ጣልኩ!»

«በስንት ጥይት?»

«በቀስት ነው አባዬ።»

ዝም አለ። «ምነው፣ እዚያ አገር ጠመንጃ ጠፍቶ ነው?»

እናቴ ስልኩን ነጠቀችው። «ባርከህ ነው?» በስመ አብ ማለቴን ነገርኳት። «እሱስ ደግ አደረግህ። ዓርብ መሆኑንስ አላየህም? ጽጌ ጾም ላይ!»

ቅዳሜ አበሻ ጓደኞቼ ተሰበሰቡ። ጥሬ የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቄ ነበር። የዱር ሥጋ በጥሬው አይበላም፣ በሽታ ሊያመጣ ይችላል አልኩ። አንዱ አኩርፎ ጥግ ያዘ። ሥጋው ጮማ የሚባል ነገር የለውም። እናቴ የላከችልኝ ንጥር ቅቤ ባይኖር ጫማ ነበር የምንበላው። ጥብሱ ሲደርስ ያኮረፈው መጀመሪያ እጁን ሰደደ። የቀረውን ቋንጣ አደረግነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስመጣ ፍላጻዋን ይዤ መጣሁ፤ ስለቱን ነቅዬ። የአያቴ ምንሽር የሚንጠለጠልበት ኩላብ ባዶውን ነው ያለው። አባቴ እዚያ ላይ ሊሰቅላት ፈለገ። መጀመሪያ ግን በእጁ ገለባበጣት። ላባዋን ዳሰሰ።

«ሦስት ዓመት?» አለኝ።

«ሦስት ዓመት።»

«አያትህም እኮ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመለሱት። ለልጅ አይወራም ብለው ነው።»

አመሰግናለሁ።