አንገት 30 ዲግሪ፣ ኮክፒት 150 ዲግሪ፦ የሄድ ትራኪንግ ከርቭ አስተካከል

[ምስል፦ የኤፍ-5ኢ ኮክፒት፤ እይታው ወደ ግራ ትከሻ ይዞራል]

ሰላም ወገኖች! በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የኛ ኤፍ-5ኢዎች ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ተጋጥመው ነበር። ዛሬ ዲሲኤስ ወርልድ በሚባለው የበረራ ጨዋታ (ሲሙሌተር) ሁለቱም ዓይነት አውሮፕላኖች ስላሉ፣ ግጥሚያውን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ግን ጠላትን በዓይን መከተል ካልቻላችሁ ገና ሳይጀመር አለቀ። በኪቦርድ ቁልፍ እይታ እያዞሩ መዋጋትማ ስቃይ ነው።

መውጫው ሄድ ትራኪንግ ነው፦ ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ ጨዋታው ውስጥ ያለው እይታም አብሮ ይዞራል። አሠራሩን ቶሎ እንለፈው። ትራክ አይአር ስክሪን ላይ የሚቀመጥ ካሜራ ነው። ኮፍያችሁ ወይም የጆሮ ማዳመጫችሁ ላይ ያሉ ሦስት ነጥቦችን በኢንፍራሬድ አይቶ፣ ጭንቅላታችሁ ወዴት እንደዞረና እንደተጠጋ ያሰላል። ኦፕንትራክ ደግሞ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በተራ ዌብካም ፊታችሁን መከታተል ይችላል። ዶላር ፈልጎ ዕቃ ማስመጣት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ በነፃው ጀምሩ።

ጭናችሁት እይታው እንደ ሰካራም ከተወዛወዘ መሣሪያውን አትራገሙ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከርቩ ነው፤ አንገታችሁ ይህን ያህል ሲዞር እይታው ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስነው መስመር ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ከፊታችሁ አይነቃነቅም። አንገታችሁን 90 ዲግሪ ብታዞሩ የምታዩት ግድግዳችሁን ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንቅስቃሴውን ያበዛዋል። እናንተ 30 ዲግሪ ስትዞሩ፣ ጨዋታው ውስጥ ያለው አብራሪ 150 ይዞራል። አምስት እጥፍ ማለት ነው። ጣጣው፣ ይኸው አምስት እጥፍ መሃል ላይም ከሠራ፣ ስትተነፍሱ የምትነቃነቋት አንዲት ዲግሪ ስክሪኑን አምስት ዲግሪ ታዘልለዋለች። ማነጣጠር ይቅርና የፍጥነት መለኪያውን ማንበብም አይቻልም። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ፍጥነቱን በጅምላ ይቀንሳል። ያኔ ደግሞ ጀርባውን ማየት ያቅተዋል።

[ምስል፦ የከርቭ መስኮት፤ መስመሩ ቀስ እያለ ሲታጠፍ]

መፍትሔው መስመሩን ማጠፍ ነው። የግራ ቀኝ መዞሪያውን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ዲግሪዎች መሬት አስነኩት፤ እዚያ ውስጥ እይታው ንቅንቅ አይበል። ከዚያ እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ቀስ ብሎ ይውጣ። ፓነሉን የምታዩት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ይተኮስ። ቁጥሮቹ እኔ የምጠቀምባቸው ናቸው፤ እንደ አንገታችሁ አስተካክሏቸው።

ላይና ታች ግን እኩል አይሁኑ። ታች ያለው መለኪያና ማብሪያ ማጥፊያ ስለሆነ ለስለስ ይበል። በጠባብ ዙር ስትታጠፉ ባላንጣችሁ ያለው ከአናታችሁ በላይ፣ በመስታወቱ ጣሪያ በኩል ነው። የላዩ ከርቭ ይፍጠን። ኦፕንትራክ ሁለቱን ለየብቻ እንድትስሉ ይፈቅዳል።

ጭንቅላትን ወደ ትከሻ ማዘንበሉን እኔ አጥፍቼዋለሁ። ከማቅለሽለሽ በቀር የሰጠኝ ነገር የለም። ወደ ጎን መጠጋቱን ግን እንዳትነኩት። መቀመጫው ከኋላ ሲጋርዳችሁ ፈቀቅ ብላችሁ አሻግራችሁ የምታዩት በሱ ነው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሜሰርሽሚት 109 የምታበሩ ደግሞ የግድ ያስፈልጋችኋል። የማነጣጠሪያው መስታወት ከመሃል ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ስለተገጠመ፣ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ቀኝ ካላስጠጋችሁ የማነጣጠሪያው ክብ ተቆርጦ ነው የሚታያችሁ።

ለሚግ-21 ግን 150 ዲግሪ ብክነት ነው። ከኋላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው ጣሪያው ላይ የኋላ ማያ መስታወት የተገጠመለት። 120 ይበቃል፤ የተረፈውን ለመሃሉ እርጋታ ስጡት።

አንድ ወጥመድ አለ። ትራክ አይአር እይታን መሃል የሚመልስበት ቁልፍ ኤፍ12 ነው። ዲሲኤስም ይህንኑ ቁልፍ ለውጭ እይታ ይጠቀምበታል። ጦፋችሁ ስትዋጉ ድንገት ከኮክፒት ወጥታችሁ መሬት ላይ የቆመ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ቁልፉን ቀይሩት፣ የጆይስቲክ አዝራር ላይ ብታደርጉት ይሻላል። ከጀርባችሁ መስኮት ካለም መጋረጃውን ዝጉ፤ ፀሐይ ካሜራውን ታሳውረዋለች።

[ምስል፦ ማነጣጠሪያው የተራራ ጫፍ ላይ]

አሁን ሞክሩት። ማነጣጠሪያውን ከሩቅ ተራራ ጫፍ ላይ አድርጉና እንደወትሮው ተንፍሱ። ከተንቀጠቀጠ የመሃሉን ሜዳ አንድ ዲግሪ ጨምሩለት። ከዚያ ዓይናችሁን ከስክሪኑ ሳትነቅሉ ወደ ኋላ ዙሩ። የራሳችሁን ክንፍ ጫፍ አልፋችሁ ማየት ካቃታችሁ የከርቩን ጫፍ ከፍ አድርጉ።