ሳተላይቱን አትክሰሱ

የተከበራችሁ የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ አንጋፋ አሽከርካሪዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ባትሪና ስለ ፊውዝ እንደሚያወራ ትጠብቁ ይሆናል። ሊቀመንበራችን ያዘዙኝ መኪናችን ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣው መንገድ ጠቋሚ እንዴት እንደሚሠራ እንዳስረዳ ነው፤ አስረዳለሁ። የመጣሁበት ቁርጥ ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ በዚህ በባሕር ዳር ከተማ ኪሳችሁን እያራቆተ ያለው «ሳተላይቱ ኢትዮጵያን አያውቅም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው።

ጂፒኤስ የሚባሉት የአሜሪካ ቦታ ጠቋሚ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። መላውን ዓለም ለመሸፈን 24 ይበቃሉ፤ ዛሬ የሚሠሩት ከዚያ ይበልጣሉ። እያንዳንዱ እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ የት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሆነ ያለ ዕረፍት ያሰራጫል። የመኪናችሁ አንቴና ሬዲዮ እንደሚቀበል ይቀበላል እንጂ ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም፤ ክፍያም የለበትም። መልእክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በመንገድ የቆየበት ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። የሦስት ሳተላይት ርቀት ቦታን ለመለየት በበቃ ነበር፤ የመኪናው ሰዓት ግን ርካሽ ነውና እርሱን የሚያርም አራተኛ ያስፈልጋል። ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ቢዛነፍ ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል፤ ጣና ዳር የቆመ መኪና ሐይቁ ውስጥ ነው ሊባል ይችላል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ አባላችን፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ ከዱባይ የመጣ ላንድክሩዘር ይነዳል። መሣሪያው በአረብኛ ያዝዛል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ከአንዲት ቀስት በቀር ምንም የለም፤ መንገድ የለም፣ ከተማ የለም፣ ጣናን የሚያህል ሐይቅ እንኳ የለም። ጋራዥ ወሰደው። ባለሙያ ተብዬው መኪናውን ሳይነካ «ሳተላይቱ እዚህ አይሠራም፤ ስክሪኑ በሙሉ ይቀየር» ብሎ የአንድ ሰንጋ ዋጋ ጠየቀው። የአንድ ሰንጋ! ደግነቱ ከመክፈሉ በፊት እኔ ዘንድ መጣ። ወደ ቤዛዊት አቅጣጫ ይዘነው ወጣን፤ እኛ ስንታጠፍ ቀስቷም ትታጠፋለች። ቆመን የቦታ መረጃውን ገጽ ከፈትኩ። 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ምሥራቅ ይላል። ይህ እኮ ባሕር ዳር ነው! የት እንዳለ በቁጥር የጻፈ መሣሪያ ምኑ ነው የተበላሸው? ውስጡ የተጫነው ካርታ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ካርታ ነው፤ ይኸው ነው ነገሩ። ሳተላይቱ ቦታችሁን ይነግራችኋል እንጂ ካርታ አይልክም። ካርታው በዲስክ ወይም በሜሞሪ ካርድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። ይህን እያወቀ ስክሪን የሚሸጥላችሁ ሰው ነጋዴ አይባልም፤ ሌባ ነው!

ካርታው ቢኖርም ጊዜ ያልፍበታል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ አሮጌ ካርታ ይዛችሁ ስታልፉ መሣሪያው ወይ ወደ ቀድሞው ድልድይ ጎትቶ ያስቀምጣችኋል፣ ወይ ዓባይ መካከል ከጉማሬ ጋር ያዋኛችኋል። ይህን የሚያደርገው የሚያውቀውን መንገድ ስለሚፈልግ ነው። ሰማይ በሚከለልበት ቦታም የጎማ ፍጥነትንና የመታጠፊያ ሴንሰርን እያሰላ ይቀጥላል። ሆንዳ በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው መሣሪያ እንዲያውም ሳተላይት አልነበረውም፤ መታጠፍን በሚለካ ጋይሮስኮፕና በተጓዘው ርቀት ስሌት ነበር የሚሠራው። በጂፒኤስ የሚሠራውን መጀመሪያ ከመኪናው ጋር ገጥማ ያወጣችው ማዝዳ ናት፣ በዚያው አቆጣጠር በ1990።

ታዲያ የጎደለውን መንገድ ማን ይሳለው? ወደ ዘጌ የሚያስገባው መንገድ በክረምት የቱ ጋ እንደሚያጣብቅ፣ የጢስ ዓባይ መታጠፊያ የት እንደሆነ፣ የትኛው ኮብልስቶን መውጫ እንደሌለው የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ካርታው ሲሳሳት ግን «ሾፌሩ እንግዳ አንከራተተ» ተብሎ ከአበል የሚቆረጠው ከእናንተ ነው! ቢሮ ተቀምጦ ስክሪን የሚያምን አስጎብኚ አንድ ቀን ከጎናችን ተቀምጦ ይምጣ! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ማንም ሰው የሚያርመው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ነጻ ካርታ አለ፤ በስልክ ይሞላል። ማኅበራችን አምስት ወጣቶች ይመድብና የከተማውን ቀበሌዎች ይከፋፍሉ። ይህን ሐሳብ በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩልኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ሌሎቹ ሳተላይቶች፣ ስለ ሩሲያው፣ ስለ አውሮፓውና ስለ ቻይናው ለመናገር ሰዓቱ አልፏል። ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ አለሁ፤ አንቴናውን በነጻ አይላችኋለሁ። መስታወታችሁ ላይ ብረት ያለበት ጥቁር ላስቲክ የለጠፋችሁ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ምልክቱን የሚከለክለው እርሱ ሊሆን ይችላል።