ሙቀጫው በረንዳዬ ላይ ነው

በእድራችን 35ኛ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ሰብሳቢያችንና የሥራ አመራር አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ወላጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ልጆቻችን፤ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ የሴቶች ክፍል ሪፖርት ነው። እሱን ቶሎ ልጨርሰው። የድንኳኑ ሸራ ተጠግኗል። የጎደለው ሰሃንና ብርጭቆ ተተክቷል። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ደህና ናቸው። ዘንድሮ 11 ሐዘን ቤት ቆመናል፤ ያጣናቸውን ነፍስ ይማርልን። ከ11ዱ በ9ኙ እንጀራውም ወጡም በትእዛዝ ተገዝቶ መጣ። እኛ ያቀረብነውና ሰሃኑን ያጠብነው ብቻ ነን። ሪፖርቱ ይኸው ነው። የቀረውን ሰዓት ከፈቀዳችሁልኝ ስለዚያ ዘጠኝ ቤት ልናገር።

ይህ እድር በ1983 ዓ.ም. ሲቋቋም ካዝና አልነበረውም። መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነው፤ የሠራዊቱ ልጆች ተበትነዋል፣ የብዙዎቻችን ቤት ደመወዝ አይገባበትም። የነበረን አንድ ሸራ ድንኳን፣ አንድ ጥሩምባና ከቧንቧው ወዲህ ያለው ያ ሰፊ ግቢ ነው። ትልልቆቻችሁ አሁንም ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ይታያችኋል።

በ1985 ጥር ላይ እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ የዕቁብ ገንዘብ ይዘው መርካቶ በርበሬ ተራ ወረዱ። እኔ ጆንያ ያዥ ነበርኩ። እናቴ በርበሬ ስትገዛ ዋጋ አታስቀድምም። ከላይ የተደረደረውን አትነካም፤ እጇን ጆንያው ሆድ ውስጥ ከታ ነው ዛላውን የምታወጣው። ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ዘሩ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ ለሁለት ሰብራ ውስጡን ወደ ብርሃን ታዞረዋለች። ነጣ ያለ ሻጋታ ካየች አትከራከርም፣ ትታው ትሄዳለች። ሦስት ፈረሱላ የማረቆ በርበሬ፣ 51 ኪሎ ማለት ነው፣ ለመግዛት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዞርን።

ከዚያ ግቢው በሙሉ ተቀምጦ ቀነጠሰ። ለአንዱ ፈረሱላ 3 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም እቅፍ ሙሉ። ዘነዘናውን ማን ያዘ? ከጦር ግንባር የተመለሱት ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን ባልጠራም ታውቋቸዋላችሁ። «ሥራ የለኝም፣ ክንድ ግን አለኝ» ብለው ሙቀጫውን ተረከቡ። ወንድ ልጅ በርበሬ ወቀጠ ብሎ የሳቀ አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ደለዙት።

ድልዙ ታፍኖ ሦስት ቀን ከረመ። በአራተኛው የእድሩን ሸራ መሬት ላይ ዘርግተን አሰጣነው። አዎ፣ ይህንኑ ድንኳን! ሁለት ቀን ጥሩ ፀሐይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከእንጦጦ በኩል ጥቁር ደመና ተነሳ። በጥር ዝናብ ማን ይጠብቃል? ግማሹ ሰው ገበያ፣ ግማሹ ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። ግቢው ውስጥ የነበሩት ጥሩምባ ነፊያችን ብቻ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ምን ያድርጉ? ጥሩምባውን አንስተው ነፉት። «ማን ሞተ?» እያለ ሰው ከየአቅጣጫው እየሮጠ ደረሰ። አንዱ በሳፋ፣ አንዱ በሰፌድ፣ አንዷ ነጠላዋን ዘርግታ፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ሸራው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ በርበሬ በየአልጋው ሥር ገባ። ልጆች ሌሊቱን ሲያስነጥሱ አደሩ፤ ከእነዚያ ልጆች ሦስቱ ዛሬ የሥራ አመራር አባላት ናቸው።

ኮረሪማውና አዝሙዱ ተጨምሮ፣ ጨው ተቆልቶ ገብቶበት ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ በጣሳ እየተሰፈረ ለአሥር ቤት ተካፈለ። ከእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ጣሳ ተነስቶ ለእድሩ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት የሐዘን ቤቱ ወጥ ሁሉ የተሠራው ከዚያ ነው። አንድም ሐዘንተኛ እንባውን ሳይጠርግ ለበርበሬ ቦርሳውን አልከፈተም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት ባለቤቴ ሲያርፍ ሁላችሁም ነበራችሁ፤ ብድር መላሽ ያድርገኝ፣ በክፉ አይደለም። ለአርባው የታሸገ በርበሬ ገዛሁ። ቀለሙ ያምራል። ወጡ ቀርቦ ሰው መብላት ሲጀምር ግን ጥርስ መሃል አሸዋ አሸዋ አለ። ማንም ምንም አልተናገረኝም፤ የእኛ ሰው ሐዘን ቤት ቅር አያሰኝም። አንድ አባት ሁለት ጉርሻ በልተው ዝም ብለው እጃቸውን ታጠቡ። እኔ ግን አየኋቸው። ማታ ሰው ሲሄድልኝ ከበርበሬው ሁለት ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሲነጋ ከሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ደለል ተኝቷል። በጣቴ አሸሁት። ጡብ ነው። የባለቤቴን አርባ በጡብ ዱቄት አወጣሁ!

ከማን እንደገዛሁ የምናገርበት መድረክ አይደለም። እንጀራ ላይ ጀሶ፣ ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ ተገኘ ሲባል በዜና የሰማችሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በታማኝነት የሚነግዱ የባልትና እናቶችም አሉ፣ እንጀራቸው ነው፣ እግዜር ይባርክላቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ባልትና የሱቅ ስም ሆኖ ቀረ። የእጃችን ስም ነበር። ዛላ ሰብራ የማታውቅ ሴት፣ ሰብሮ የማያውቅ ወንድ፣ የታሸገው ውስጥ ምን እንዳለ በምን ይለያል?

ከዚያ በኋላ ማልኩ። ዛላ ገዝቼ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ማመስ ጀመርኩ። የጎረቤቴ ልጅ አስም አለበት፤ ሲያስል ሰምቼ እሳቱን አጠፋሁ። እናቱ ብትቆጣ እውነቷን ነው። ጥፋቱ የእሷም የእኔም አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም መሠራት ሲጀምር ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ሰው ፎቅ ላይ ቢወጣም በግ ያርዳል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ልብስ ያጥባል ብለው ከሕንፃዎቹ መሃል የጋራ ቤት አስቀመጡ፤ ኮሚናል የምንለውን። ወርጄ የእኛን አየሁት። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ። በመስኮቱ ስመለከት እስከ ጣሪያው ካርቶን። መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል!

ማን ፈረመ? በየትኛው ጉባኤ? ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እናቴ፣ ገቢ ነው» ተባልኩ። የእኔን ምድጃ አከራይቶልኝ፣ ጡብ አስበልቶኝ፣ ገቢ ነው ይለኛል! ያ ቤት በኮንዶሚኒየሙ ዋጋ ውስጥ አለ፣ በየወሩ ለባንክ ከምንከፍለው ውስጥ አለ። ልመና አልመጣሁም። የራሳችንን ቁልፍ ነው የምጠይቀው።

«ጊዜ የለንም» ትሉኛላችሁ። ልጆቻችን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደሚቆሙ አጥቼው አይደለም። ስለዚህ ነው ለብቻ አይሆንም የምለው። እናቴም ለብቻዋ አልሠራችውም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እጅ ያላየውን ግን ልብ ከየት ያመጣዋል? ዘንድሮ ካጣናቸው 11 ሰዎች ሦስቱ ባለሙያ እናቶች ነበሩ። አንዷ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረቱን መቼ እንደምትጨምር በመዓዛው ታውቅ ነበር እንጂ ሰዓት አታይም። ማን አጠገቧ ቆሞ አሸተተ? እኔም አልቆምኩም። ይቆጨኛል።

ስለ እንጀራም አንድ ነገር ልበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። አሥር ቤት አሥር ምጣድ ለየብቻው እያሞቀ ስምንት ስምንት እንጀራ ይጋግራል። አንዱ አንዴ ግሎ ለሦስት ቤት ቢጋገርበት የቆጣሪው ካርድ ስንት ቀን ይቆያል? የሻገተውን እንጀራ በየፌስታሉ ታች አየዋለሁ። ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ድርቆሽ ነው። በ1888 ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት በሶውን፣ ቋንጣውን፣ ድርቆሹን ከየቤቱ ሰንቆ ነው የሄደው፤ ያንን ያሰናዱ እጆች የእኛው ቅድመ አያቶች ናቸው።

ስፌቱንና ፈትሉን ለሌላ ቀን ልተወው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ከዚህ ጉባኤ የምፈልገው አንድ ውሳኔ ነው። እድሩ በአባላቱ ፊርማ ኮሚናሉ እንዲከፈት በጽሑፍ ይጠይቅ። ከተከፈተ በወር አንድ ቅዳሜ እንገናኝበት፤ በጥር በርበሬ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ከፋሲካ በፊት ቅቤ። ወንዶች ልጆችም ይመጣሉ፤ ዘነዘና ያነሱት ጋሼ ያሳዩዋችኋል፣ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል። የመጀመሪያው ጣሳ እንደ ድሮው ለእድሩ ይቀመጥ። ሰብሳቢያችን፣ ዛሬውኑ ድምፅ ይሰጥበት።

ሙቀጫውን አትፈልጉ። ሰፈራችን ሲፈርስ ግሬደሩ ሳይደርስበት አውጥቼዋለሁ። አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ በሽቦ አስሬዋለሁ። በረንዳዬ ላይ ነው። ለማውረድ አራት ጎረምሳ ይበቃል፤ ጥር ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።