የባኩናዋ አፍንጫ የሚሰበርበት ቦታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የእንጨት ቀራጮችና የሙዚየም ባለሙያዎች፤

በፊሊፒንስ የቪሳያስ ደሴቶች ጨረቃ ስትጋረድ ባኩናዋ የተባለው የባሕር ዘንዶ ዋጣት ይባል ነበር፤ ሰውም እንዲተፋት ድስትና ከበሮ ይደበድባል። በፓናይ ደሴት ተኔግሬና ታሊቦንግ በሚባሉት ጎራዴዎች እጀታ ላይ የሚቀረጸው የአውሬ ራስ ብዙ ጊዜ በዚሁ ዘንዶ ይጠራል፦ አፍንጫው ተቆልምሞ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ጥርሱ ገጦ።

ቁልማሙ ለማስፈራራት ብቻ አይደለም። በትንሿ ጣት በኩል ስለሚወርድ ላብ ያራሰው መዳፍ እንዳይንሸራተት ያግደዋል። እጀታው የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው። የእንጨቱ ቃጫ በእጀታው ቁመት ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ወደ ጎን የወጣው አፍንጫ የሚይዘው አጭር ቃጫ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ መሬት ከነካ በቃ። ስለዚህ ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚለይበት፣ ቃጫው ራሱ የታጠፈበት እንጨት ይመረጥ። የውሃ ጎሽ ቀንድም ይሆናል፤ ጫፉ ድፍን ስለሆነ ለአውሬው ራስ ይበቃል፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው።

ፊቱን ለመቅረጽ አትቸኩሉ። አስቀድሞ የብረቱ ጭራ፣ ማለትም ከስለቱ ወደ እጀታው የሚዘልቀው ቀጭን ጫፍ፣ የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳ። ቅርጹ ካለቀ በኋላ መሰርሰሪያው ትንሽ ቢያጋድል በአንገቱ በኩል ይወጣል፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ጭራው በቀለጠ የዛፍ ሙጫ ይጣበቃል፤ በእጀታው አፍ ላይ የሚጠልቀው የብረት ቀለበት ደግሞ እንዳይሰነጠቅ ያስራል። ውሃ ከገባ ግን ቀለበትም አያድነውም፦ ጭራው ሲዝግ ያብጣል፣ እጀታውን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። አሮጌ እጀታ በውሃ የሚያጥብ ሰው ይህን ጥፋት በገዛ እጁ ይጋብዛል። ቀንድ ከሆነ ነፍሳትም ይበሉታል።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ሚንዳናኦና ሱሉ ደሴቶች ስንወርድ ፊት የሚባለው ነገር ይደበዝዛል። ካሊስና ባሮንግ በሚባሉት ጎራዴዎች እጀታ ጫፍ ላይ ያለው ካካቱዋ የተባለው ጉትያም በቀቀን ነው ይባላል፤ ዓይንም ላባም ላይኖረው ይችላል፣ የሚታየው ምንቃርና ጉትያ ብቻ ነው። የዝሆን ጥርስ ሲሆን ጉትያው እጅግ ይተልቅና ለውጊያ ሳይሆን ለማዕረግ የተሠራ መሆኑን ይናገራል።

ካምፒላን የተባለው ጎራዴ ደግሞ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሁለት የተሰነጠቀው ከባድ የእጀታ ጫፍ ክብደቱን ወደ እጅ ይመልሳል። አንዱ አዞ ነው ይላል፣ ሌላው ባኩናዋ፣ ሦስተኛው ካላው የተባለው ባለ ትልቅ መንቁር ወፍ። ነጋዴ ደስ ያለውን ስም ይስጠው፤ መነሻው ካልታወቀ በመዝገብ ላይ «የተከፈተ አፍ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩም የተሠራበትን ነገር፣ የቃጫውን አቅጣጫና ስንጥቁ የጀመረበትን ቦታ አስፍሩ።