ደጁን የሚያውቅ መድኃኒት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የፋርማሲ ተማሪዎች፣ ከደብረ ብርሃንና ከዙሪያዋ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ለካንሰር የሚሰጠውን ኬሞ የወሰደ ሰው ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ። አፉ ቆስሎ በርበሬ የነካው እንጀራ መጉረስ ያቅተዋል። ጠጉሩ ይረግፋል። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ላይ ይዘምታሉ፤ የአፍ ውስጥ ሽፋንና የጠጉር ሥርም እንደዚያው ይባዛሉ። ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ መድኃኒት፣ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ኬሞ መግደሉን ያውቅበታል። ማንን እንደሚገድል ግን በደንብ አይለይም።

ፔፕታይድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች አንድን ፔፕታይድ ለይቶ የሚይዝ ተቀባይ በላያቸው ላይ በብዛት ያወጣሉ። መድኃኒቱ እዚያ ፔፕታይድ ላይ ይታሰራል። የእኛ አገር የጭነት አህያ ነጂ ባይከተላትም የጌታዋን ደጅ አትስትም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

ሶማቶስታቲን የሚባል ሆርሞን አለን። ደም ውስጥ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ስለዚህ 8 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው፣ ቶሎ የማይፈርስ አምሳያ ተሠራለት። በእንዲህ ያለው አምሳያ ላይ ጨረር የሚሰጠው ሉቴሲየም 177 ታስሮ ሉታቴራ የተባለው መድኃኒት ተገኘ። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው። የአንጀት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ፣ ማለትም ከሆርሞን አመንጪ ሴሎች የሚነሣ ዕጢ፣ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በ20ኛው ወር በሽታው ሳይገፋ የሚቆይላቸው 65 በመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። በማነጻጸሪያው ቡድን 11 በመቶ ገደማ ነበሩ።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ያው ዓይነት ፔፕታይድ ለምስል ብቻ ይሰጥና ዕጢው ይታያል። ዕጢው ካልያዘው መድኃኒቱ አይሰጥም። ሰው በከንቱ አይሰቃይም! ኩላሊትም ፔፕታይዱን ስለሚይዝ፣ እንዳይጎዳ አሚኖ አሲድ በግሉኮስ መስመር አብሮ ይሰጣል።

ሁሉም አልተሳካም። ሜልፍሉፌን የተባለው፣ ፔፕታይድ ያለበት የደም ካንሰር መድኃኒት፣ አሜሪካ ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. ተፈቅዶ ነበር፤ የሕመምተኞችን ዕድሜ ማራዘሙ ስላልተረጋገጠ እዚያው ፈቃዱ በ2024 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ተማሪዎች ይህንንም አጥኑት።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። የዕጢው ዓይነት ናሙና ሳይወሰድ አይታወቅም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የምትሄዱ፣ ሂዱ። እብጠት ስታዩ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪምም ኑ። ናሙና ስትጠየቁም «መርፌ ከነካው ይብስበታል» ብላችሁ አትሽሹ።

አመሰግናለሁ።