ከልጆች ጋር በረግረግ ላይ፦ የኦት ፋኝ የጣውላ መንገድ

[ምስል፦ ከላይ የተቀረጸ ቡናማ ሜዳ፣ መሐሉን የሚያቋርጥ ቀጭን የጣውላ መንገድ]

በምሥራቅ ቤልጅየም፣ ከጀርመን ድንበር አጠገብ፣ ኦት ፋኝ የሚባል ደጋማ ረግረግ አለ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ሆሄስ ፌን ይሉታል። ከ1957 ጀምሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። አኸን፣ ኮሎኝ ወይም ብራስልስ ለሚኖር ቤተሰብ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት ርቀት ነው።

ከፍታው ለደብረ ብርሃን ሰው ተራራ አይባልም። የቤልጅየም ከፍተኛው ቦታ ቦትራንዥ እዚሁ ሲሆን 694 ሜትር ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን አያዘናጋችሁ። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ዝቅተኛውን አገር አቋርጦ ሲያበቃ የሚጋጨው ከዚህ ከፍታ ጋር ነው፤ የተሸከመውንም እዚሁ ያራግፋል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከታች ከተማው ውስጥ ፀሐይ እያለ እዚህ ጉም፣ ንፋስና ካፊያ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ ስፋግነም በቅርበት፤ እጅ ጨምቆት ውሃ ሲንጠባጠብ]

መሬቱ ለምን ረግረግ ሆነ? ከሥር ያለው ሸክላማ አፈር ውሃ አያሳልፍም፣ ዝናቡ ደግሞ ከሚተነው ይበልጣል። በዚህ ውሃ ላይ ስፋግነም የሚባል ሞስ፣ ስፖንጅ የመሰለ ትንሽ ተክል፣ ይበቅላል። ስፋግነም ከደረቅ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል፤ ዙሪያውንም አሲዳማ ያደርገዋል። ከላይ እያደገ ከታች ይሞታል። ታችኛው ክፍል ኦክስጅን በሌለው ውሃ ውስጥ ስለተቀበረ በደንብ አይበሰብስም፤ ተከማችቶ ፒት ይሆናል። ክምችቱ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 1 ሜትር ቁመት ላለው ልጅ ይህን ስትነግሩት፣ ከእግሩ እስከ አናቱ 1,000 ዓመት መሆኑን ጨምሩለት። እዚህ ፒቱ 7 ሜትር ያህል የሚደርስበት ቦታ አለ። ከጣውላው ወርዶ መርገጥ የተከለከለውም ለዚህ ነው፤ አንድ ጫማ የደፈጠጠው ሞስ ቶሎ አያገግምም።

አሁን ወደ መንገዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከትንንሽ ልጆች ጋር የምትሄዱ ከሆነ ሌላ አትምረጡ፤ ሞን ሪዢ ከሚባለው ቦታ የሚነሳውን የፖለር ዙር ያዙ። 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አቀበት የለውም ማለት ይቻላል፣ የማብራሪያ ሰሌዳዎች አሉት፣ ዞሮም መነሻው ላይ ያደርሳል። ከፊሉ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ተስተካክሏል። ዙሩን በሙሉ የሚሄድ ቤተሰብ ግን ጋሪውን መኪና ውስጥ ትቶ ሕፃኑን በአንቀልባ ቢያዝል ይሻላል፤ ጠባቡ ጣውላ ላይ የተሰነቀረ ጎማ ከኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ያቆማል። መኪና ለሌላችሁ ከኦይፐንና ከቬርቪዬ አውቶብስ አለ። የእሑድና የበዓል ፕሮግራሙ ስለሚለይ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ አትነሡ።

አዋቂ ይህን ዙር በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። የአምስት ዓመት ልጅ እያንዳንዱን ኩሬ ልይ ስለሚል ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። በክረምታቸው፣ በታኅሣሥ ገደማ፣ እዚህ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ መጀመር አይበጅም።

[ምስል፦ እርጥብ ጣውላ፤ የልጅ ቦቲ በዝግታ ሲራመድ]

ጣውላው ሲረጥብ ያንሸራትታል። በአንዳንድ ቦታ ሽቦ ተመትቶበታል፣ ሽቦው ያረጀበት ወይም የሌለበት ቦታ ግን ሳሙና ነው። ሶሉ ያለቀ ስኒከር አይሆንም። ለልጆች ጥርስ ያለው ቦቲ ከወፍራም ካልሲ ጋር በቂ ነው። ሩጫ ክልክል መሆኑን ከመነሻው ተስማሙ። አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ልጆች መሐል። ከፊት ሰው ሲመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ አሳልፉ፤ ለማሳለፍ ብሎ ወደ ሣሩ የወረደ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ሲባል የሰማውን በእግሩ ያየዋል።

እግር ከገባስ? በኃይል አትጎትቱ። ጭቃው ጫማውን ከሥር ስለሚመጠው፣ በጎተታችሁ ቁጥር ይጠብቃል። የገባው ሰው ጣውላው ላይ ይቀመጥ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ያድርግ፣ ከዚያ እግሩን ቀስ እያለ እያወዛወዘ ውሃና አየር እንዲገባ ያድርግ። ቦቲው ቢቀር ይቅር፣ እግሩ ከወጣ በኋላ በእጅ ይወጣል። ልጅ ከሆነ በብብቱ ሥር ይዛችሁ አንሡት። በአንድ እጁ መጎተት የትንሽ ልጅን ክርን ሊያወልቅ ይችላል። ወዲያው ካልሲ ቀይሩለት፤ ቦቲው ውስጡ ከረጠበ ደረቁን ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ አልብሱት።

ጂንስና የጥጥ ሹራብ ቤት ይቅሩ። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ በንፋሱ ላይ ደግሞ ሙቀት ያስወጣል። ከውስጥ ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። አንቀልባ ውስጥ ያለ ሕፃን እንደ እናንተ ስለማይራመድ አይሞቀውም፤ እናንተ አልቧችሁ እሱ ሊበርደው ይችላል። እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ዳብሱ። ፔርሙስ ሙሉ ሻይ፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ፤ ውሃ ደግሞ አትርሱ፣ የረግረጉ ቡናማ ውሃ አይጠጣም።

[ምስል፦ መግቢያ ላይ የተሰቀለ ቀይ ባንዲራ]

መግቢያው ላይ ቀይ ባንዲራ ካያችሁ ተመለሱ። የእሳት አደጋ አለ፣ ረግረጉም ተዘግቷል ማለት ነው። ውሃ የጠገበ ቦታ እንዴት ይቃጠላል? ባለፈው ዓመት የበቀለው ሣር በመጋቢትና በሚያዝያ ገለባ ሆኖ ይቆማል፣ አዲሱ ገና አልወጣም፣ የደረቀ ንፋስ ከመጣ ክብሪት ብቻ ነው የሚፈልገው። በፈረንጆች ሚያዝያ 2011 የተነሣው እሳት ከ1,000 ሄክታር በላይ በልቷል። ፒቱ ራሱ ከተያያዘ ከመሬት በታች ይጨሳል፣ ማጥፋቱም ከባድ ነው። ከሩቅ ነድታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ጠዋት የባንዲራውን ሁኔታ ኢንተርኔት ላይ እዩ።

ከባንዲራው ሌላ ቦታው በፊደል ተከፋፍሏል። ኤ ነፃ ነው፣ ቢ ምልክት ባለው መንገድ ብቻ፣ ሲ ከተፈቀደለት አስጎብኚ ጋር፣ ዲ ለማንም ዝግ። ጥንቃቄው በከፊል ለጥቁሩ የዱር ዶሮ ነው፤ ሊጠፋ ስለተቃረበ ከ2017 ጀምሮ ከስዊድን እየመጣ ሲለቀቅ ቆይቷል። ውሻ ካላችሁ ቤት ይቆይ። ቤሪም አይለቀምም።

ልጆች ምን ያያሉ? ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ጥጥ የመሰለ ነጭ የሣር ፍሬ ሜዳውን ይሸፍናል። በበጋቸው፣ በሰኔና በነሐሴ መካከል፣ ከጣውላው ጥግ ቀያይ ቅጠል ያላትን ትንሽ ድሮሴራን ፈልጉ። ቅጠሏ ላይ ያሉት የሚያጣብቁ ጠብታዎች ትንኝ ይይዛሉ። ዝናብ ብቻ በሚጠጣው በዚህ መሬት ናይትሮጅን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከነፍሳት ታገኘዋለች። ማጉያ መነጽር መያዝ ያዋጣል፤ ከቦርሳው ውስጥ ለልጅ ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለም። ጉልበት ከተረፋቸው ደግሞ በመኪና ቦትራንዥ ውሰዷቸው። በ1923 ቁመቱ 700 ሜትር እንዲሞላ ተብሎ የተሠራ 6 ሜትር ጉብታ ላይ ደረጃ ይወጣሉ።

ጉም ከወረደ ግን ጉብኝቱ ያብቃ። ይህ ሜዳ ከርቀት ለመለየት የሚያስችል ዛፍም ቤትም የለውም። በጥር 1871 ሊጋቡ ወረቀት ሊያወጡ የወጡት ፍራንስዋ ራይፍና ማሪ ሶላይድ እዚህ በበረዶ ጠፍተው ሞተዋል፤ መታሰቢያ መስቀላቸው ዛሬም አለ። ዛሬ ጣውላውን ካልለቀቃችሁ አትጠፉም። አቋራጭ አትፈልጉ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ስልክ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፤ የአደጋ ጥሪው 112 ነው፣ ስትደውሉ የመነሻችሁን ስምና መጨረሻ ያለፋችሁትን ሰሌዳ ቁጥር ንገሩ።

[ምስል፦ ወረንጦ፤ በቆዳ ላይ ያለ መዥገር ሥዕል]

ማታ ቤት ስትደርሱ የልጆቹን ሰውነት ፈትሹ፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት በስተኋላ፣ የፀጉር ሥር። የዚህ አገር መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅቤም ዘይትም አትቀቡት፣ በእሳትም አትንኩት። ከዚያ ቦታውን አጽዱና ቀኑን ጻፉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ዙሪያው እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ወይም ልጁ ካተኮሰው፣ የጻፋችሁትን ቀን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።