ለመልከ ጥፉው ማን ይሟገታል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ከሐዋሳ ብቻዬን ነኝ። ስለ ብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ላወራችሁ ነው፤ የምነሳው ግን ከምንጸየፈው ፍጥረት ነው።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ እንግዳ ስልኩን የሚያወጣው መጀመሪያ ለጉሬዛው ነው። ቢያደርገው አይገርመኝም፤ ያንን ጥቁርና ነጭ ካባ አይቶ ማን ያልፈዋል? አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ራሰ በራ ነው፤ አንገቱ ላይ ከረጢት አንጠልጥሎ የዓሣ አንጀት ሲሻማ ይውላል። ይሳቅበታል እንጂ የሚሟገትለት አላየሁም። እርግጥ ጠበቃም አላስፈለገው፤ ቆሻሻችን እየቀለበው ተመችቶታል። ሥራውን የሚጋሩት ጥንብ አንሳዎች ግን እንደ እሱ አልቀናቸውም።

የህንድን ታሪክ ስሙኝ። እዚያ ሰማዩን የሞሉ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በገፍ ማለቅ ያዙ፤ ነጭ ወገቡ ዝርያ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ ተመናመነ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ2004 ፓኪስታን ውስጥ የተካሄደ ጥናት ሲፈታው ገዳዩ ዲክሎፌናክ ሆኖ ተገኘ፤ እኛ ለወገብ ሕመም የምንውጠው ያው መድኃኒት። ገበሬው ለታመመ ከብቱ ይሰጠዋል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ወፉ በድኑን ይበላል፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። በክፋት የተደረገ አንድም ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ጨመረ፤ ውሃው ተበከለ። ህንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 አገደች። በ2024 የወጣ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች በዚህ ሰበብ እንደሞቱ ገምቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ መጽሔቱን አጥፌ አስቀመጥኩት።

አፍሪካም አልዳነችም። በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገቡ። ከብት የበላበትን ጅብ ወይም አንበሳ ለመበቀል ሥጋ ላይ የሚደረገው መርዝ ቀድሞ የሚጨርሰው እነሱን ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች መካከል በየቄራችን ዙሪያ የምናያቸውም አሉ። ያም ሆኖ ዘፈን አልወጣላቸውም፣ ቲሸርት ላይም አልታተሙም።

የመንግሥታቱ ስብሰባዎች ይህን አድልዎ አላቃኑትም። በ2010 ጃፓን ላይ ለብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ሃያ ግቦች ተቀመጡ፤ 2020 ሲደርስ በዓለም ደረጃ አንዱም ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። በ2022 ሞንትሪያል ላይ ደግሞ እስከ 2030 የምድርን የየብስና የባሕር 30 በመቶ እንጠብቃለን ተባለ። እኔ የምጠይቀው የትኛውን 30 በመቶ ነው። ማንም የማይፈልገውን ጭንጫ ተራራ አጥሮ መቶኛውን መሙላት ቀላል ነው። ለም የሆነውን፣ ባለሀብትም ገበሬም የሚሻውን ረግረግ መተው ነው የሚከብደው።

ይህን የምለው ጨለለቃን አስቤ ነው። ከከተማችን በስተ ምሥራቅ፣ በወንዶ ገነት በኩል ከሚወርዱት ወንዞች ግርጌ ሐይቅ ነበረ። የወንዞቹን ደለል ተቀብሎ ያሰክናል፤ የጠራው ውሃ በጥቁር ውሃ ወንዝ አድርጎ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ተራራው ሲመነጠር፣ ዳገቱ ሲታረስ፣ ጨለለቃ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆነ፤ ከብትም እርሻም ገባበት። ሐይቅ ሲሞት ለቅሶ የወጣ የለም፤ ጭቃ ነዋ! የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በምድር ላይ መውጫ የለውም። የገባበት አፈር እዚያው ይቀራል።

አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ይከራከረኛል። «መልክ ያለው እንስሳ ለሌላውም ይተርፋል» ይላል፤ ባሌን ይጠቅሳል። ልክ ነው፤ እዚያ ቀይ ቀበሮን ለማዳን የሚደረገው ጥበቃ ቀበሮው የሚመገበውን ፍልፈልም፣ ሣሩንም፣ ከተራራው የሚመነጩትን ወንዞችም አብሮ ይሸፍናል። የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ስለሆኑ ማንም ያንን ገንዘብ ቀንሱ አይልም። ነገር ግን ጨለለቃ ቀይ ቀበሮ የለውም። የወዳጄ ስሌት እንዲህ ላለው ቦታ መልስ ሲያጣ፣ ቡናውን ይጠጣና ወሬ ይቀይራል።

የእኔ ምርጫ ይታወቅልኝ፦ ለሐይቁ የሚመደብ ብር ካለ፣ ከመናፈሻና ከሐውልት በፊት ላይኛው ዳገት ላይ እርከን ይሠራበት፤ ዳር ላይ ያለው ፊላና ደንገል ለሆቴል እይታ ተብሎ አይጨድ። ቆሮሶ የሚራባው እዚያ ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፤ ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቋቸው። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል ሳልቆራርጥ አነባዋለሁ።